ሳላነብ የዘለልኩት ራስጌ

ከዝናብ በኋላ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ይዞ ሲመጣ መስኮቱን እዘጋለሁ። የቤቴ ሰዎች ብርድ የፈራሁ ይመስላቸዋል። አንቺ ግን ምክንያቱን ስለጠየቅሽኝ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነበር። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ጉለሌ በሚገኘው የቀበሌያችን አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ፊደል አስቆጥር ነበር። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ እናቶች ነበሩ፤ ልጅ የነበረችው አንዲት ብቻ ናት። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከእንጦጦ ተሸክማ ያወረደችውን ቅጠል በር ላይ አስደግፋ ስትገባ፣ ሽታው አዳራሹን ይሞላዋል። "ጋሼ" ብላ ስትጠራኝ ሴቶቹ "ጢም ያላበቀለ ጋሼ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እሷ አትስቅም።

ታሪኳን የሰማሁት ካስጠጋቻት ቅጠል ሻጭ ነው። አባቷ በዕድሜ ለሚስተካከላቸው ሰው ድረዋት፣ ሁለት ወር ኖራ፣ ከባሏ ቤት ጠፍታ መጥታለች።

አንድ ቀን ትምህርቱ ሲያበቃ ወደ ኋላ ቀረች።

"ጋሼ፣ ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ሞታለች ብላ ተዝካሬን ሳታወጣ። ያለሁበትን ግን እንዳትጽፍ፤ ደህና ናት ብቻ በል።"

"እሺ" አልኳት።

በዚያው ዓመት መምህራችን የደብዳቤ አጻጻፍ አስተምረውን፣ የእኔን ለምሳሌ ያህል ለክፍሉ አንብበውት ነበር። አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ለእኔ ደብዳቤ አልነበረም። ከደብዳቤው ራስጌ በስተቀኝ ከፍተኛውን፣ ቀበሌውን፣ የቅጠል ሻጯን የቤት ቁጥር አሳምሬ ጻፍኩ። ረስቼው አይደለም። የሚደርሰው ለእናቷ ነው፣ ምን ይመጣል ብዬ ነው። ሳነብላት ግን ራስጌውን ዘልዬ "ውድ እናቴ" ከሚለው ጀመርኩ። እስከ ዛሬ ለራሴ ማስረዳት ያቃተኝ ይህ ዝለላ ነው። ደብዳቤው ታናሽ ወንድሟ በሚማርበት ትምህርት ቤት በኩል በፖስታ ሄደ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ጠዋት፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቆሙኝ። በእጃቸው የያዙት ወረቀት የእኔ ነበር።

"አንተ ተማሪ፣ እዚህ ላይ የተጻፈውን ቤት አሳየኝ። ልጄ ከባሏ ቤት ኮብልላ እዚህ ናት አሉ። ትንሹ ልጄ ለእናቱ ከላይ ጀምሮ ሲያነብላት፣ ደጅ ሆኜ ሰማሁት።"

በሩ ላይ ቁጥር አለ፣ ባላሳያቸውም ያገኙት ነበር እያልኩ ኖሬአለሁ። ግን አሳየኋቸው።

ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቅጠል ስታስር ደረስንባት።

"ማነው ይህን የጻፈልሽ?" አሉ አባቷ፣ ዱላቸውን አንስተው። "ያስኮበለለሽ እሱ ነው! አናቱን ነው የምለው!"

ወረቀቱን አየችው። ራስጌው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ለማንበብ የሚበቃ ተምራለች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"እኔው ነኝ የጻፍኩት" አለች።

"አንቺ? ከመቼ ወዲህ ደብተራ ሆንሽ? እስቲ ስምሽን ጻፊ!"

ጎንበስ ብላ አፈሩ ላይ በጣቷ ጻፈች። አባቷ ማንበብ አይችሉምና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልክ ነው?"

"ልክ ነው" አልኩ።

ያን ጠዋት ከዚህ ሌላ የተናገርኩት የለም። ይዘዋት ሄዱ።

በተከታዩ ዓመት ቅጠል ሻጯ የደረሳትን ወሬ ነገረችኝ። ልጅቷ ሦስት ቀን አምጣ፣ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። እሷም ሽንቷን መቋጠር ስላቃታት ባሏ ለአባቷ መልሷታል፤ እሳቸውም ከቤታቸው ጀርባ ለብቻዋ ጎጆ ቀልሰውላታል። ትንሹ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጃፏ ተቀምጦ፣ የዕለቱን ትምህርት እሷንም ያስተምራታል አሉ።

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሄጄ አላየሁም። በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነበር።