የሜሌናይቴ ጉልበት

በቫቫኡ ደሴት የዛፍ ቅርፊት በመዶሻ ቀጥቅጠው ጨርቅ ከሚሠሩት ሴቶች መካከል ሜሌናይቴን በክንድ የሚስተካከላት አልነበረም። አርባ ዓመት ሲሞላት ግን ጉልበቷ ከዳት። ጠዋት ደህና ትነሣና ፀሐይ ሳትበረታ እግሯ ውሃ ይሆናል፤ የእንጨት መዶሻው ከእጇ ያመልጣል። በዚያ ላይ ሽንት ሽንት እያላት እንቅልፍ አጣች።

የባሏ እህት ሲኒቫ ምላሷ ስለት ነው።

“አይ እመቤቲቱ! የልጅሽን የሠርግ ጨርቅ እኛ እንቀጥቅጥ፣ አንቺ ጥላ ሥር ተንፈላሰሺ!” ስትል ሴቶቹ ይስቃሉ። የባል እህት ትከበራለች እንጂ መልስ አይሰጣትም። ሜሌናይቴ አብራ ትስቅና ከቤት ጀርባ ሄዳ ታለቅሳለች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የደም ግፊቷ መጨመሩን፣ በደሟ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ደግሞ መቀነሱን ነግራ ሙዝ እንድትበላ አዘዘቻት። እስኪያንገሸግሻት በላች። ጠብ የሚል ነገር የለም።

“የዛፍ ሥር የሙት አጥንት ሲወጋ በሕይወት ያለ ዘመዱን ያሳምማል” አሉ ሽማግሌዎቹ። ሌላ መላ ስታጣ ወደ ታናሽ ወንድሟ ወደ ፌሌቲ ሄደች።

“ወንድምዬ፣ የእማዬን መቃብር ክፈትልኝ።”

“እማዬ አርፋ ተኝታለች። እባክሽ እህቴ፣ ይህን አትጠይቂኝ።”

“እንግዲያው እኔንም አጠገቧ ቅበረኝ።”

በእነሱ ወግ እህት ጠይቃ ወንድም እምቢ አይልም። ፌሌቲ ከፈተ። አጥንቱ በነጭ አሸዋ ላይ እንደተጋደመ ነው፤ አንድም ሥር አልነካውም። እያለቀሰ በዘይት አብሶ መልሶ ቀበራት። ከዚያ በኋላ እህቱን ቀና ብሎ አላያትም።

በሳምንቱ ባሕሩ ሲሸሽ ሜሌናይቴ ከሲኒቫ ጋር ዛጎል ለመልቀም ወረደች። ከዳር ርቀው ሳሉ ጉልበቷ ታጠፈና ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች።

“ተነሺ እንጂ! ባሕሩ እየተመለሰ ነው!”

“እግሬ አይታዘዘኝም፣ ሲኒቫ። አንቺ ሂጂ። ልጄን ዳሪልኝ።”

ሲኒቫ ፊቷ አመድ መሰለ። “አፌን በቆረጠው!” አለችና ብብቷን ይዛ እያንሳፈፈች ወደ ዳር ጎተተቻት።

ከተማው ሆስፒታል ያለው ሐኪም ደሟንና ሽንቷን አስመርምሮ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

“በሰው ሁሉ ኩላሊት አናት ላይ ትንሽ ዕጢ አለች። የምታመነጨው ሆርሞን ኩላሊትን ‘ጨውን ያዝ፣ ፖታሲየምን ልቀቅ’ እያለ ያዘዋል። ያንቺ ዕጢ እባጭ ወጥቶባት ሆርሞኑን ያለ ልክ ታፈሳለች። ጡንቻ ያለ ፖታሲየም አይሠራም። ሙዙን ብትበዪም ኩላሊትሽ መልሶ በሽንት ይደፋዋል።”

“ታዲያ እናቴ ምን አጠፋች?” አለች ሜሌናይቴ።

“እናትሽ ምን ሆኑ?”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኩላሊቷ ያንን ትእዛዝ እንዳይሰማ የሚያደርግ ኪኒን ተሰጣትና እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እባጩን የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም ግን በደሴቱ የለም፤ ለዓመታት የቆየው የደም ግፊትም ልቧን ጎድቶት ስለነበር መዶሻ እንዳትነካ ተከለከለች። የልጇን ጨርቅ ሲኒቫ ቀጥቅጣ ጨረሰች።

ለሠርጉ ፌሌቲ እንዲመጣ ሲኒቫን ላከቻት። ስትመለስ ብቻዋን ነበረች።

“በሽታሽ ከኩላሊትሽ ዕጢ እንጂ ከእናታችሁ አጥንት እንዳልነበር ነገርኩት።”

“ምን አለ?”

“ምን ይላል? እርሻው ላይ እንዳጎነበሰ ካሳቫውን ይነቅላል።”

በሠርጉ ቀን ሜሌናይቴ በዳነው እግሯ ደጃፉ ላይ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር። ፌሌቲ ግን አልመጣም።