የጥሩወርቅን ልጅ ይዤ የሸሸሁ ዕለት

ባለፈው ነሐሴ፣ እንጅባራ ቀኑን ሙሉ ጉም ለብሳ በዋለችበት አንድ ቅዳሜ፣ የእህቴ ልጅ ሰናይት ዩኒቨርሲቲ የምታቀርበውን ጥናት መጀመሪያ ለእኔ ልታሰማኝ መጣች። ድንች ቀቅዬ ነበርና በአዋዜ እየበላን አዳመጥኋት። የካንሰር ሴል፣ አለች፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች ወደ ደም ይለቃል፤ ኤክሶሶም ይባላሉ። መልእክት ይዘው ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ እየሄዱ ለሚከተለው በሽታ ቦታ ያመቻቻሉ፤ የሰውነትንም መከላከያ ያደነዝዛሉ።

«በሽታው ራሱ ገና እዚያ ሳይደርስ?» አልኋት።

«አዎ አክስቴ፣ ቀድመው።»

የያዝሁትን ድንች ሳህኑ ላይ መለስሁት፤ ትዝ ያለኝ እሷ ሕፃን የነበረችበት ጊዜ ነው።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዳንግላ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ታላቅ እህቴ፣ የሰናይት እናት ጥሩወርቅ፣ ከእንጅባራ ወዲያ ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ ነው ያገባችው። ኅዳር ላይ፣ የገብስ አጨዳ ሊያልቅ ሲል ልጠይቃት ብሄድ፣ ጓዳ አስገብታ እጄን ግራ ጡቷ ላይ አስቀመጠችው። ጠጠር የመሰለ ነገር ዳሰስሁ።

«ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብለውኛል። ሰኞ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለችኝ።

ይህን ስትነግረኝ የዘጠኝ ወሯ ሰናይት በሌላው ጡቷ ላይ ተለጥፋ ትጠባ ነበር። ዓይኔ ከሕፃኗ አፍ አልነቀል አለ። በጠባች ቁጥር በሽታው ወደ ሆዷ የሚወርድ መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ጥሩወርቅ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ልጅቱን አዝዬ ወጣሁ።

ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። እስከ እንጅባራ በእግሬ ስሄድ፣ ሰው ባየሁ ቁጥር ሊይዘኝ የመጣ እየመሰለኝ ወደ ቀርከሃው እጠጋለሁ። የዳንግላ አውቶቡስ ላይ ሰናይት በረኀብ ማልቀስ ጀመረች። አጠገቤ የተቀመጠች ሕፃን የታቀፈች ሴት በአዊኛ ጠየቀችኝ።

«እናቷስ?»

«ሞታለች» አልሁ።

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠችና ተቀብላኝ አጠባቻት። እኔ ግን የተናገርሁት እንዳይደርስ ብዬ እስከ ዳንግላ በልቤ ስጸልይ ሄድሁ።

የላም ወተት በውኃ እያቀጠንሁ አጠጣኋት። በዘጠነኛው ቀን ተቅማጥ ያዛትና ጤና ጣቢያ ሮጥሁ። ነርሷ ነገሩን ከሰማች በኋላ ጮኸችብኝ።

«ካንሰር በጡት ወተት ወደ ልጅ አይተላለፍም! ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

ማንም አላለኝም ነበር።

ልጅቱን ይዤ ግምጃ ቤት ስመለስ፣ የእህቴ ባል የተከራየሁበትን ቤት ስለማያውቅ ልጁን ፍለጋ አገር ሲያስስ ሰንብቷል። ጥሩወርቅ ደግሞ «ልጄን ሳላይ የትም አልሄድም» ብላ ሐኪም ቤቱን ትታዋለች። አልጮኸችም። ልጇን ተቀብላ ጡቷን ሰጠቻት፤ ደርቋል፣ ምንም አልወጣም። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለምን?»

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ።»

«እኔስ?» አለችኝ።

ከዚህ ሌላ ስለዚያ ነገር እስከ መጨረሻው አላነሣችብኝም። ባሕር ዳር ሄዳ ጡቷ ተቆረጠ፤ ዳነች ብለንም ነበር። በሁለተኛው ዓመት በሽታው ጉበቷ ላይ ተገኘ። ከሞተች በኋላ ሰናይትን እኔ አሳደግሁ።

ያን ቅዳሜ ሁሉንም ነገርኋት። ዕድሜ ልኬን ስፈራው የኖርሁትንም ጥያቄ ጠየቅኋት፦ «ያ ዘጠኝ ቀን ነው የገደላት?»

ሰናይት ኮምፒውተሯን ከደነች።

«ዕጢው በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ ምናልባት ለወራት ከረጢቶቹን ሲልክ ቆይቷል» አለች። «ዘጠኝ ቀን የሚለውጠው አይመስለኝም። ግን እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም።»

ከዚያ ቀስ ብላ ያልጨረሰችውን ቀጠለችልኝ። ተመራማሪዎች እነዚህን ከረጢቶች ከደም ለይተው በሽታውን በጊዜ ለማወቅ፣ እንዳይለቀቁ ለማገድ፣ መድኃኒት ጭነውባቸው ወደ ዕጢው መልሰው ለመላክ ጭምር እየሞከሩ ነው። ገና ምርምር ነው፤ ለታማሚ የሚደርስበት ቀን አይታወቅም።

ሰናይት አሁን እናቷ ከሞተችበት ዕድሜ አልፋለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ጡቷን ልትመረመር ስትሄድ አብሬያት ሄድሁ። ስሟ ተጠርቶ ስትገባ እንደ ያኔው መሸሽ አማረኝ፤ በሩ እስኪከፈት ድረስ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም።