ከባሕሩ ዳር የተሣለው መብራት

ዛሬ ጠዋት ልጄ የመስኮቱን እንጨት ቀለም ሲቀባ ሽታው ማድ ቤት ድረስ መጣና፣ ሳላስበው በአማኑኤል ከተማ አቅራቢያ ወዳለችው መንደራችን፣ ሠዓሊው የኔታ ሙጫና ቀለም እያማሰሉ የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ወደሣሉበት የዐቢይ ጾም ወሰደኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ታላቅ ወንድሜ አለሙ ምጽዋ ባሕር ኃይል ገብቶ ነበር። በመጀመሪያ ደብዳቤው፣ መርከበኞች በጨለማ መንገድ እንዳይስቱ ከባሕሩ ዳር ረጅም የመብራት ግንብ እንደቆመላቸው ጻፈ፤ ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ጥጧን መፍተሏን ቀጠለች።

የሚሣለው ጴጥሮስ ባሕር ውስጥ ሲሰጥም፣ ጌታም እጁን ሲዘረጋለት ነበር። ሥዕሉ ተሥሎበት ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ሸማ እናቴ በስለት ስለሰጠች፣ እንደ ወጉ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍታ እሷም ልትሣል ነው።

“እኔን ይተዉኝ፣ የኔታ” አለች። “በኔ ፈንታ ከዳር መብራት ይሣሉልኝ።”

“እመት ጥሩወርቅ፣ በወንጌሉ መብራት የት አለና! ጴጥሮስ በፋኖስ ነው እንዴ የዳነው?”

“ጴጥሮስማ ጌታን በዓይኑ እያየ ነው የሰጠመ። የኔው ልጅ ምን ያያል?”

የኔታ ብሩሻቸውን ነከሩ። ባሕር አይተው አያውቁም፤ የሚያውቁት ትልቅ ውኃ ከደጀን ቁልቁል ወርደው የተሻገሩትን አባይን ነበርና፣ ባሕሩን እንደ ክረምት አባይ ደፍርሶ የቀላ አደረጉት። ግንቡንም ሦስት የሣር ክዳን ጎጆ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው ሣሉና ከጫፉ ኩራዝ አስቀመጡበት። እናቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ገብታ እሱን ትሳለማለች።

አለሙ በዳግማይ ትንሣኤ መጣ፤ ነጩን የባሕር ኃይል ልብስ ለብሶ፣ ከስቶ። ለካ ታሞ ሆስፒታል ከርሟል። ሥዕሉ ፊት ስናቆመው ሳቁን በቆቡ አፈነ።

“እምዬ፣ ይሄ እኮ በመጀመሪያው ነፋስ ይወድቃል!”

እናቴ ቀና ብላ አየችው። “አንተን አምጥቶ የለ? ከእንግዲህ ይውደቅ።”

የኔታም እናቴም ዐርፈዋል። እናቴ ፎቶግራፍ ተነሥታ አታውቅም፤ መልኳ ሊቀርልን ይችል የነበረው እዚያ ሥዕል ግርጌ ነበር፣ እሱንም ለመብራቱ ለቀቀችው። ሳስበው አንዳንዴ ይቆጨኛል። ይሁንና አለሙ አግብቶ ወልዷል፤ ከሴት ልጆቹ አንዷ ሥራዋን አቁማ ቀና ስትል፣ እናቴን አያለሁ። ተመስገን።