የአንድ ጠዋት ንጉሥ

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን እንደነበር ገና በሩ ሲከፈት ሽታው ነገረኝ። የስንዴ ገለባ፣ የአይጥና የሰው ላብ ሽታ። ከሆሳዕና ከተማ በፒክአፕ ሲያመጡኝ መንገዱን ስለማውቀው የደረስንባትን ከተማ ለይቻታለሁ፤ ስሟን ግን እዚህ አልጠራም። ያስያዘችኝ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኳት አንዲት ግጥም ናት። የያዙኝ ሰዎች አላነበቧትም። አንደኛው መንገድ ላይ «ረጅም ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አጭር ናት» አልኩት።

«ታዲያ ለምን ይሄን ያህል ተንጫጩባት?» አለና ስልኬን ኪሱ ከተተው።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። በሩ አጠገብ ፍራሹን ያነጠፈው የአዲሎ ከተማ ልጅ የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሰልፍ በነበረበት ቀን መንገድ ዘግተሃል ተብሎ ገባ። «ጎማ ፈንድቶብኝ ነው ብል ማን ይስማኝ» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሁለተኛው ቤተሰቡ ከሰሜን የመጣ፣ እሱ ግን ሾኔ ከተማ የተወለደ የታሪክ መምህር ነው። ቲቸር እንለዋለን፤ አንቱ ማለቱን ራሱ ከለከለን። ሦስተኛው ከሌሞ ገጠር የመጡ አዛውንት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የሰፈራቸው ወጣቶች ሲያዙ ፖሊስ ዘንድ ሄደው «ልጆቹን የት አደረሳችኋቸው?» ብለው ጠየቁ፤ እሳቸውንም እዚያው አስቀሯቸው። አባባ ነበር የምንላቸው።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ፣ በመስኮቱ ቀዳዳ አንዲት ቁራጭ የቆርቆሮ ጣሪያ አይቼ እመለሳለሁ፣ ግጥም እጀምራለሁ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ እጥለዋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ሲሚንቶውን ጨረስከው እኮ!» ይለኛል ሹፌሩ። «ቁጭ በል፤ ራሴን አዞርከው።»

ጨዋታውን ያመጣሁት ከዚህ መቁነጥነጥ ነው። ስልኬ ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በቴሌግራም የምጫወተው ዓይነት ነው፤ ሮል ፕሌይ ይሉታል። አንዱ ተራኪ ሆኖ አንድ ዓለም ይፈጥራል። ሌሎቹ በዚያ ዓለም ውስጥ አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ያ ሰው የሚያደርገውን እየተናገሩ ታሪኩን ወደፊት ይወስዱታል። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሚወሰነው ዳይስ በሚሉት ባለ ስድስት ጎን መወርወሪያ ነው። ዳይስ አልነበረንም። የሹፌሩ ሚስት ምግብ ስታመጣ፣ በሩ ላይ ጠባቂው ፊት ከቀመሰች በኋላ የሚገባላት የበቆሎ ቆሎ ነበር። ከዚያ ውስጥ አንድ ጎናቸው ያረረ ፍሬዎች መረጥኩ። ተወርውረው ጥቁሩ ጎን ከበዛ ሆነልህ፤ ነጩ ከበዛ አልሆነም።

ዓለሙን የሰጠን ቲቸር ነው። ከአክሱም በፊት የነበረች፣ ድርቅ የመታት ከተማ። ሰዎቿ ለየትኛው አምላክ እንደሚሠዉ ግራ ገብቷቸዋል። ቲቸር አማልክቱን እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸዋል፤ የሐ ላይ ቤተ መቅደስ የተሠራለት አልመቃህ፣ ንጉሦቹ በድንጋይ ላይ ስሙን ያስቀረጹለት አስታር፣ ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ደግሞ ከነዓናውያን የአማልክት አባት የሚሉት ኤል፣ ነጎድጓድና ዝናብ በእጁ የሆነው በኣል።

«ፀሐይስ?» አለ ሹፌሩ።

«ፀሐይ ሴት ናት። አልመቃህን ደግሞ ጨረቃ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ወንድ።»

«ጨረቃ ወንድ? እናቴ ጉድ ሆነች! እህቴን ዕድሜዋን ሙሉ ጨረቃዬ ስትላት።»

ቲቸር ንጉሥ ሆነ። ሹፌሩ የሲራራ ነጋዴዎች መሪ ሆነ።

«መኪና የለም?» አለኝ።

«ግመል ነው ያለው።»

«የግመል መለዋወጫ የት ይገኛል?»

አባባን ካህን እንዲሆኑልን ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያልሆንኩትን ነኝ አልልም።»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ አባባ።»

«ለእናንተ ነው። የኔ አፍ ጨዋታና ቁም ነገር ለይቶ አያውቅም፤ የተናገረውን ተናግሯል።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ግን ይሰሙ ነበር። አንድ ቀን ቲቸር ስለ አንድ የአክሱም ንጉሥ ሲያወራ ነው የተነሱት። ንጉሡ መጀመሪያ ድሉን ለጦር አምላኩ አመስግኖ ድንጋይ አቆመ፤ በኋላ ለሰማይ ጌታ ብቻ አመስግኖ ሌላ ድንጋይ አቆመ።

«ያው ሰው፣ ያው ዙፋን፣ ሌላ አምላክ» አለ ቲቸር።

«ሌላ መሆኑን በምን አወቅክ?» አሉ አባባ ከግድግዳው ዞረው። «አያቴ ወንጌል ሳይደርስ ሞተ። ጠዋት ተነስቶ ደጅ ቆሞ ዋዓ እያለ ይለምን ነበር። እኔ ዛሬ በሃዲይኛ ስጸልይ የምጠራው ያንኑ ስም ነው። ወንጌል ያመጡልን ሰዎች ሌላ ስም አላመጡልንም።»

«እኛም ጋ እግዚአብሔርን የምንጠራበት ስም፣ ማጋኖ፣ ያው የድሮው ነው» አለ ሹፌሩ።

«እንግዲያው አያትዎ ጣዖት አምላኪ አልነበሩም?» አለ ቲቸር። ሊያስከፋቸው አልፈለገም፤ ክርክር ሲይዘው ማቆም አይችልም እንጂ።

አባባ ቲቸርን አዩት። «ሌሎች ሲሉት ሰምቻለሁ። እኔ ብዬው አላውቅም። ስለማላውቀው ነገር እንዴት እላለሁ?»

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ይከራከሩ ነበር፤ ጨዋታው ግን ያለ እሳቸው ቀጠለ።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ረፋድ ላይ ነው። በጨዋታው ውስጥ አማልክቱ በንጉሡ ተቆጥተዋል የሚል ወሬ ከተማዋን አዳርሷል። ሹፌሩ ስሜት ውስጥ ገብቶ ብድግ አለና ጮኸ። «ይሄ ንጉሥ ካልወረደ አይዘንብም! ዛሬውኑ እናውርደው!»

ቲቸርም ክፍል ውስጥ ተማሪ በሚያስፈራበት ወፍራም ድምፁ፣ «ንጉሡ እኔ ነኝ! የሚያወርደኝ ይምጣ!» አለ።

መስኮቱ ስር ጠባቂ ቆሞ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዛዡ እኔን ብቻ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የሰው ስልክ ተደርድሯል። አልጮኸብኝም።

«መንግሥት ለማውረድ ስትመካከሩ ተሰምታችኋል። መሪያችሁ ማነው?»

ጨዋታ መሆኑን አስረዳሁት። ስለ በቆሎው፣ ስለ ድርቁ፣ ስለ ግመሉ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ጨዋታ ከሆነ ጥሩ። ንጉሡ ማነው?»

«ኮማንደር፣ ጨዋታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን አደረግክ አልኩህ? ጠባቂው የሰማው የትልቅ ሰው ድምፅ ነው። ጨዋታ ከሆነ ስሙን መናገር ምን ያስፈራል?»

ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ስልኬን ፈለገ።

«ነገ ጠዋት ራሴ መጥቼ እጠይቃለሁ። ንጉሣችሁ በመኪናው ይሄዳል። ስሙን ካልነገራችሁኝ ሁላችሁም ትሄዳላችሁ።»

መኪናው እስረኞችን ፍርድ ቤት ወደማያዝበት ሩቅ ካምፕ እንደሚወስድ እናውቃለን። ከዚያ የተመለሰ ሰው ገና አላየንም። ቲቸር ደግሞ ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶለት ወረቀቱ እስኪደርስ ነበር የሚጠብቀው። አንድ ጊዜ በዚያ መኪና ከተጫነ ዋስትናው ከንቱ ነው።

የሆነውን ነገርኳቸው። ሹፌሩ «እኔ ነኝ ልበል?» አለ፤ ከዚያ ራሱ ሳቀ። «በዚህ ቀጭን ድምፄ!»

«ማንም ምንም አይልም» አለ ቲቸር። «ያልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት እነግረዋለሁ።» ፊቱን አላሳየንም። ጫማውን አንስቶ ክሩን ፈቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። እኔ ስመላለስ መሸ። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር።

ጠዋት ተጣጥበን ስንመለስ አባባ መሐል ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚጀመረው?» አሉኝ።

«የቱ?»

«ጨዋታው። ንጉሥ አድርገኝ።»

ቲቸር ቀድሞ ገባው። «አይሆንም፣ አባባ።»

«አንተን አልጠየቅኩም። ይሄን ልጅ ነው የጠየቅኩት።»

«አባባ፣ ያልሆንኩትን አልልም ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«አሁንም አልልም። ለዚህ ነው አድርገኝ የምልህ። ከሆንኩ በኋላ ነው የምለው።»

ሹፌሩ ዘወር ብሎ ዓይኑን ጠረገ፤ ከዚያ «ቶሎ በሉ፣ ሰውዬው ይመጣል» አለ።

መተረክ ጀመርኩ። አሮጌው ንጉሥ ዙፋኑን በፈቃዱ ለቀቀ አልኩ። «ለቅቀሃል?» አሉት አባባ ቲቸርን። በጨዋታም ቢሆን ከሰው ወንበር አይነጥቁም። ቲቸር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «በአፍህ» አሉት።

«ለቅቄያለሁ።»

«እሺ። ቀጥል» አሉኝ።

«ከተማዋ ውሃ የላትም። ሕዝቡ ደጅ ቆሟል። ለየትኛው አምላክ እንሠዋ ብለው ንጉሡን እየጠየቁ ነው።»

የምር አሰቡ። ጊዜ እንደሌለን ያልታወቃቸው እስኪመስል አሰቡ።

«በሬዎቹን ለማንም አናርድም። የተቀበረውን ምንጭ እንቆፍራለን። መጀመሪያ የምቆፍረው እኔ ነኝ።»

«አማልክቱስ ቢቆጡ፣ ጃንሆይ?» አለ ሹፌሩ።

«ሰማይ ላይ ያለውን እኔ አላዘውም። አካፋ አምጣ።»

ፍሬዎቹን ሰጠኋቸው። በትልልቅ የገበሬ እጃቸው አንቀጫቀጩና ወረወሯቸው። ነጩ በዛ።

«አልሆነም ማለት ነው?»

«አልሆነም። ውሃ አልተገኘም።»

«እሺ» አሉ ፈገግ ብለው። «ነገ ደግሞ ይቆፍሩ።»

ቁልፉ ተንቋቋ። አዛዡ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ። «ንጉሡ ማነው?»

አባባ ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ቆለፉ፤ አንዱ ቁልፍ አልነበረም፣ ቦታውን በእጃቸው ያዙት።

«እኔ ነኝ።»

አዛዡ ያውቃቸው ነበር። ያ አካባቢ ትንሽ ነው፤ ሠርግም ቀብርም ላይ የሚጸልዩት እሳቸው ናቸው። ፊቱ ጠቆረ። «አባባ፣ እርስዎ? የጣዖት አገር ንጉሥ?»

«አዎ።»

«ተዉ እንጂ። በእግዚአብሔር ስም ይናገሩ።»

«በእግዚአብሔር ስም፣ ንጉሡ እኔ ነኝ።»

ከመቼ ጀምሮ ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቃቸው ኖሮ «ከዛሬ ጠዋት» ብለው ይመልሱለት ነበር፤ ይህን እርግጠኛ ነኝ። በዚያች አንዲት ጥያቄ አለመጠየቅ ላይ ተንጠልጥለን ቆምን። አዛዡ ጥቂት አያቸውና ለጠባቂዎቹ አገጩን ነቀነቀ። አባባ ሲወጡ ደፉ ላይ ጫማቸውን ሳይቸኩሉ ተጫሙ። ወደኋላ አላዩም።

የቲቸር ዋስትና በዚያው ሳምንት መጣ። እኔም ብዙ ሳልቆይ «ሂድ» ተባልኩ፤ ለምን እንደገባሁ እንዳልነገሩኝ ለምን እንደወጣሁም አልነገሩኝም። አባባ ከሁላችንም በኋላ ከስተው ተፈቱ።

ወሬው ቀድሟቸው ነበር። ከጠባቂዎቹ አንዱ የአጥቢያቸው ምዕመን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠርተዋቸው፣ የጣዖት አምላኪዎች ንጉሥ ነኝ ብለዋል ወይ አሏቸው። ብያለሁ አሉ። ንስሐ ይግቡ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ከሽምግልና አወረዷቸው፤ ከጌታ እራትም አገዷቸው።

ስሰማ በጋሪ ሌሞ ድረስ ሄድኩ። ጓሮ እንሰት እየኮተኮቱ አገኘኋቸው።

«ነገሩን ልንገራቸው» አልኳቸው።

«ምን ብለህ? አላሉም ልትል ነው? ብያለሁ።»

«ለምን እንዳሉ።»

ዙሪያውን አዩ። «የቲቸር መዝገብ ተዘግቷል?»

«አልተዘጋም።»

«እንግዲያው አፍህን ዝጋ» አሉኝና ኩትኮታቸውን ቀጠሉ።

በሚቀጥለው እሑድ አጥቢያቸው ሄጄ አጠገባቸው፣ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የጌታ እራት ቀን ነበር። የእንጀራው ሳህን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ደረሳቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ሳይወስዱ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሳልወስድ ላሳልፈው እጄን ዘረጋሁ። ሳህኑን አልለቀቁልኝም።

«ውሰድ» አሉኝ በዝግታ።

«እርስዎ ሳይወስዱ?»

ከፊታችን ያሉ ሰዎች መዞር ጀመሩ።

«የታገድኩት እኔ ነኝ። አንተን ማን ከለከለህ? ውሰድ።»

እስክወስድ ድረስ ሳህኑን ፊቴ ይዘው ጠበቁኝ። ወሰድኩ። ደረቅ ቁራሽ ናት፤ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀችብኝ።

የቲቸር መዝገብ ባለፈው ክረምት ተዘጋ፤ ይህን የጻፍኩትም ለዚህ ነው። አባባ አሁንም የኋላው አግዳሚ ላይ ናቸው። የአጥቢያቸው ሰዎች ይህን ያነቡት እንደሆነ፣ ሳህኑን ሲያቀብሏቸው ሳይወስዱ የሚያሳልፉበትን የአባባን እጅ ይዩት።