አይንኩብኝ ያልኩት ማብሪያ

ሞተርሆሙን ከገዛሁ ጀምሮ ባለቤቴ «ያ ቆርቆሮህ» ነው የምትለው። አልፈርድባትም። አብሮኝ አውቶቡስ ይነዳ የነበረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሸጠልኝ፣ አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም በውስጡ ያለ፣ ግን ዕድሜው ከትዳራችን የሚበልጥ መኪና ነው። ተራራና ባሕር አሳይሻለሁ ብዬ ነበር ያግባባኋት። ሁለት ጊዜ ወጣን፤ በሁለተኛው ሞተሩ መንገድ ላይ ጨሰ። ከዚያ ወዲህ ሲያትል ደቡብ በኩል ካለው ቤታችን ጎን ቆሞ ቀረ።

በውስጡ ካለው ነገር ሁሉ በወጉ የሚሠራው ጣራው ላይ የተገጠመው ኤሲ ብቻ ነበር። ጩኸቱ ጎረቤት ያስወጣል፣ ግን ያቀዘቅዛል። በየዓመቱ ሰኔ ገደማ ከሰፈራችን ዛፎች ጥጥ የመሰለ ብናኝ ይረግፍና ከኤሲው ጀርባ ባሉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች መሃል ገብቶ አየሩን ይዘጋዋል። መሰላል አቆምና በለስላሳ ብሩሽ እጠርገዋለሁ፤ የተጣመመውንም ቅጠል አንድ በአንድ አቃናለሁ። ባለቤቴ ከታች ሆና «የኔን ፀጉር እንዲህ ነክተህልኝ ታውቃለህ?» ትለኛለች። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነበር።

አባቴ ከደብረ ብርሃን የመጡት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ወፍጮው እኛን አሳደገ፣ የእሳቸውን ጆሮ ግን ወሰደ። ጮክ ብለን ነው የምናናግራቸው። እሳቸው ግን በቤት ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ጩኸቱን ወፍጮ ቤት ትተውት ነው የሚመጡት። እዚህ በመጡ በሁለተኛው ዓመት ልባቸው ደከመ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ስታዝዝ ሙቀት ይጠንቀቁ፣ ይህ ልብ ሙቀት አይችልም አለችን። ስተረጉምላቸው ሳቁ። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ እንጂ ሙቀት ይገድላል ቢሉት አያምንም።

የሲያትል ቤት ለዝናብ እንጂ ለሙቀት አልተሠራም። ያ የሐምሌ ሳምንት ሲመጣ የኛ ቤት ፎቁ እንደ ምጣድ ጋለ። መስኮቶቻችን ወደ ጎን የሚንሸራተቱ ስለሆኑ በመስኮት የሚገጠመው ኤሲ አይገባባቸውም። መሬት ላይ የሚቀመጠውን ልግዛ ብዬ ብሄድ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ትዝ ብሎታል። ስለዚህ የሞተርሆሙን መስኮቶች በሚያብለጨልጭ ወረቀት ሸፈንኩ፣ ከቤት ወፍራም ገመድ ስቤ ኤሌክትሪክ ሰጠሁት፣ አባቴንም እዚያ አስገባሁ። ንፋሱ ወገቤን ይመታኛል ብለው ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ቆርቆሮዬ ሰው ሊያድን ነው ብዬ ኮራሁ። ባለቤቴም ለመጀመሪያ ጊዜ አላሾፈችም።

ያ ቀን እሑድ ነበር። ቀትር ላይ እኔ ውጪ ቆሜ ሳለ ጩኸቱ ድንገት ቀጥ አለ። ሮጬ ስገባ አባቴ ቆመዋል፣ እጃቸው ማብሪያው ላይ ነው። ሌሊቱን በሙቀት አልተኛሁም፣ በጠዋት ጀምሬ በፀሐይ ጣራ ላይ ነበርኩ፣ ነደደኝ።

«አባባ፣ ይኸን ነገር አይንኩብኝ። ከተበላሸ ሌላ የለንም።»

አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አላስጨረስኳቸውም። ዕቃው አሮጌ እንደሆነ፣ ስንት እንደደከምኩበት፣ ሐኪሟ ምን እንዳለች፣ ሁሉንም ደረደርኩባቸው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ስጨርስ ራሴ አበራሁት፤ ወዲያው ተነሳ። ጮክ ያልኩት ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው ብዬ ራሴን ላታልል እችላለሁ። ግን በጩኸት መሃል የኖሩት አባቴ ቁጣን ከጩኸት ለይተው ያውቃሉ። ስንት ሞተር ፈተው የገጠሙ ሰው ናቸው። «እሺ ልጄ» ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ኤሲው ጠፍቷል፣ ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ብሬከር ወርዷል፣ አባቴ በሩን ከፍተው ተቀምጠዋል። መቼ ጠፋ ብላቸው አሁን ቅርብ ነው አሉ። ነክተውታል ወይ አልኳቸው።

«ምን ቆርጦኝ» አሉ።

ጣራ ላይ ወጣሁ። ቅጠሎቹ ንጹሕ ናቸው። ሽቦዎቹን ፈተሽኩ፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ካፓሲተር በአዲስ ቀየርኩ፣ ብሬከሩን መለስኩ። ሲሠራ አመሸ። ማክሰኞ እንደገና ወርዶ አገኘሁት። ገመዱን ቀየርኩ። የሸጠልኝን ሰው በሌለበት ሰደብኩት። እንደገና ሲሠራ አመሸ፤ ፊቱ ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁት፣ ንቅንቅ አላለም። እኔ ስኖር እየሠራ እኔ ስሄድ የሚጠፋ ማሽን ገጥሞኝ አያውቅም። ሰው ቢሆን ተንኮለኛ እለው ነበር።

ረቡዕ ሙቀቱ ከሁሉም ቀን የባሰ ሆነ። ባለቤቴ ታኮማ ሆስፒታል ሥራ ላይ ናት፣ እኔም መሪ ላይ። የዕረፍት ሰዓቴ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ደወልኩላቸው። እንዴት ነው፣ ይሠራል ወይ አልኳቸው።

«ይሠራል ልጄ። ሥራህን ሥራ።»

ድምፃቸው ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ሌላ ጊዜ ደጋግመው ካልነገሩኝ አልሰማቸውም ነበር። ዛሬስ ስልኩ ደህና ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ ቀሪውንም መንገድ ቀለል ብሎኝ ነዳሁ። ከኋላቸው የኤሲው ጩኸት እንደሌለ ልብ ያልኩት በኋላ ነው። አሁን አሁን ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ያ ደስታዬ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጋቢው ወድቋል። ቆዳቸው ደርቆ ይፋጃል፣ ላብ እንኳን አልቀረም። ባለቤቴን በእናቴ ስም ጠርተው የት ናት አሉኝ፣ እህሉ ገባ ወይ አሉኝ። አምቡላንስ ጠራሁ፤ እስኪመጣ የአትክልት ማጠጫውን ቧንቧ ስቤ ውሃ አፈሰስኩባቸው። ሞተርሆሙ ውስጥ ብሬከሩ እንደ ልማዱ ወርዷል።

ባለቤቴ ሆስፒታል ስትደርስ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነበር። «ሶ፣ ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ እያለ ለምን ኮል አላደረጉም?» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን አእምሯቸው ተመለሰ። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። አልጋው ላይ ትንሽ ቀና አድርጌያቸው ውሃ በማንኪያ እሰጣቸው ነበር።

«ያን ማሽን በየቀኑ አጠፋው ነበር» አሉኝ። «ዳዊቴን ስደግም። እየጮኸብኝ ድምፄን አልሰማም። ራሴን ሳልሰማ እንዴት ልድገም?»

አንድ ማንኪያ ውሃ ጨመርኩላቸው።

«ስጨርስ መልሼ አበራዋለሁ። እሱ ደግሞ ያጉረመርምና ድርግም ይላል።»

«ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም፣ አባባ? እኔ ስደውልስ ለምን ይሠራል አሉኝ?»

«ትቆጣለህ ብዬ ነዋ።»

ሊወቅሱኝ አልነበረም። ዝናብ ስለነበረ አልወጣሁም እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት። ማንኪያውን አስቀምጬ እጃቸውን ሳምኩ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ምን አድርገኸኝ አሉ። ከአምስት ቀን በኋላ አረፉ። ልባቸው ነው ብለው ጻፉ፤ ሰዉም ዕድሜ ጠግበው ነው እያለ አጽናናኝ። አባቴ የነገሩኝን ሐዘንተኛው እስኪበተን ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።

ሞተርሆሙ ውስጥ፣ ከማብሪያው ጎን ያለው ቁም ሳጥን በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አለ። ኤሲው ከጠፋ በኋላ መልሶ ለማብራት አምስት ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል ይላል፤ ውስጡ የታመቀው ግፊት ሳይለቅ ከተነሳ ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ይታገልና ብሬከሩን ይጥለዋል። ይህን ወረቀት ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለሰውም አስተምሬበታለሁ። ማሽኑ አንዳችም አልነበረበትም። እኔ ጣራ ላይ የምፈልገው ብልሽት አባቴ የዕለት ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ የሚመጣ ነበር። እሑድ ዕለት ወዲያው የተነሳልኝም ስቆጣባቸው አምስት ደቂቃ ስላለፈ ነው።

«አይንኩብኝ» ከምላቸው «አባባ፣ ካጠፉት ትንሽ ይቆዩ» ብላቸው ይበቃ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሞተር ጋር የኖሩ ሰው አንድ ጊዜ ቢነገራቸው አይረሱትም። ሰዓታቸውን አውጥተው ይቆጥሩ ነበር። ወይም አፋቸውን ሲከፍቱ ባስጨርሳቸው፣ ምን ሊሉኝ እንደነበር ያን ዕለት እሰማ ነበር።

ባለቤቴ አሁን ቆርቆሮህ አትለውም። አንድ ጊዜ ብቻ ብንሸጠውስ አለችኝ፤ ደግማ አላነሳችውም። ሰኔ ሲመጣ መሰላሉን አቁሜ ጥጡን እጠርጋለሁ፣ እሷም ከታች ሆና መሰላሉን ትይዝልኛለች። አንዳንድ ሰዎች አሮጌውን ኤሲ እንዲህ አሳምሬ እንዴት እንዳቆየሁት ይጠይቁኛል። ስለ ብሩሹና ስለ ገመዱ እነግራቸዋለሁ።

ዘንድሮ ሙቀቱ ሲመጣ አበራሁት። ቀትር ላይ ብቻዬን ገብቼ አጠፋሁት። የአባቴን ዳዊት ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ፣ የዕለቱ ቦታ ላይ ገለጥኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ልድገም ብዬ ነበር፤ እንቢ አለኝ፣ አለቀስኩ። ሰዓቴን እያየሁ አምስት ደቂቃ ቆየሁና አበራሁት። ምንም ሳያጉረመርም ተነሳ።