ለቀይ የተተወ ቦታ

አሥራ አንደኛ ክፍል ልገባ ስል ደብተር የገዛሁት ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ጠባብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። ባለሱቁን አስመርሬዋለሁ። እያንዳንዱን ደብተር ገልጬ መስመሩን አያለሁ፣ ወረቀቱን በጣቴ እዳብሳለሁ፣ ያለውን እስክርቢቶ ሁሉ መዳፌ ላይ እሞክራለሁ። «እህቴ፣ የምትመርጪው ደብተር ነው ወይስ ባል?» አለኝ። ስድስት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ አራት ጥቁር እስክርቢቶና አንድ ቀይ ይዤ ወጣሁ። ሰማያዊ አልፈለግሁም።

ይህ ከአባቴ የወረስኩት አመል ነው። አባቴ ከአንኮበር ቁልቁል ባለች ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ጊዜ ሲያገኙ ብራና ላይ ይጽፋሉ። ሲጽፉ መጀመሪያ ጥቁሩን ብቻ ያስኬዳሉ። የአምላክና የቅዱሳን ስም ሲደርስ ቦታውን ባዶ ትተው ያልፋሉ። በኋላ ቀዩን ቀለም በጥብጠው ስሞቹን አንድ በአንድ ይሞላሉ። እኔም ኖቴን እንደዚያው አደረግሁ፤ ማብራሪያውን በጥቁር ጽፌ ዋናውን ቃል ባዶ እተዋለሁ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ በቀይ እሞላዋለሁ። አባቴ አንድ ቀን የባዮሎጂ ደብተሬን ገልጠው፣ «ይኼ ክሎሮፊል የሚሉት ደግሞ የየትኛው ጻድቅ ስም ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ኮስተር አሉና፣ «ብቻ ቀዩ ሳይሞላ መጽሐፍ ከቤት አይውጣ» አሉኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከአንዲት ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተመደብን። ወላጆቿ ወለጋ ያርሱ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ተፈናቅለው ከከተማው ዳር ካለው መጠለያ ይኖሩ ነበር። በዚያ ሰበብ ሁለት ዓመት ከትምህርት ርቃለች። ለሁሉም ትምህርት አንድ ደብተር ብቻ ነበራት፤ ከፊት ሒሳብ፣ ከኋላ ፊዚክስ፣ መሀሉ ላይ ሌላው ሁሉ ተጨናንቆ። ሳየው አዝንላት ነበር። ማዘኑ ደስ ይለኝ ነበር ብል ይሻላል። በሞዴል ፈተና በአራት ነጥብ በለጠችኝ፤ ከዚያ በኋላ አላዘንኩላትም። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይባል የለ? የእሷ ምቀኛ እኔ ሆንኩ።

ከፋሲካ በኋላ እናቷ ታመው ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረች። በተመለሰች ጊዜ፣ አርብ ቀን፣ የባዮሎጂ ሾርት ኖቴን እንዳውሳት ለመነችኝ። የመማሪያ መጽሐፉ ለሁላችንም አልደረሰም፤ ስልክ ያለው ስልኩ ላይ ጭኖታል፣ እሷ ስልክ የላትም። ከእኔ ደብተር ሌላ የምታጠናበት አልነበራትም። ስለ ሴል ክፍፍልና ስለ ዘር ውርስ የጻፍኩባቸው ገጾች ደግሞ ቀያቸው ገና አልተሞላም። «ሰኞ ላምጣልሽ፣ የቀረው ነገር አለ» ማለት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ደብተሩን እንዳለ ሰጠኋት። ጎበዝ አይደለች እንዴ? ራሷ ታውቀዋለች አልኩ ለራሴ።

ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ልንገባ ስድስት ቀን ሲቀረን፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ መለሰችልኝ። «ክፍት የተውሽው ራስሽን ለመፈተን ነው አይደል? ጥሩ ዘዴ ነው» አለችኝ። «እኔም ሞላሁት። እንዳይበላሽብሽ በእርሳስ ነው፤ በላጲስ ይጠፋል።»

ቤት ገብቼ ገለጥኩት። ክብ ክብ ባለ ጽሕፈቷ አንድም ባዶ ቦታ አልተወችም። ብዙው ልክ ነበር። ሁለቱን የሴል ክፍፍል ዓይነቶች፣ ማይቶሲስና ሚዮሲስን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አቀያይራቸዋለች፤ በእነሱ ምክንያት ከሥር ያሉትም ተከታትለው ተሳስተዋል። መጠለያው ከተከራየሁበት ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አልሄድኩም። በማግስቱ አጠገቤ ተቀምጣ ዋለች፤ አልነገርኳትም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ዝምታ አልቀመሱትም። ስትሰጪኝ ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው እላለሁ አንዳንዴ። ውሸቴን ነው። እንድትሳሳት ፈልጌ ነበር። እሑድ ቀዩን እስክርቢቶ አንስቼ ትክክለኛውን ስም በእርሳሷ ላይ ደርቤ ጻፍኩ።

ዛሬ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። የሚሞላ ቅጽ ሲሰጠኝ ባዶው መስመር ላይ ፈዛዛ የእርሳስ ጽሕፈት ያለ ይመስለኛል። ወረቀቱን ወደ መስኮት አዙሬ አየዋለሁ። ጓደኞቼ ምን እንደምፈልግ ይጠይቁኛል፣ ምንም እላቸዋለሁ።

ያን ዓመት ውጤት የወጣ ቀን፣ ልጅቷ ውጤቷን ያየችው በእኔ ስልክ ነው። ቁጥሯንም ያስገባሁላት እኔ ነኝ። እኔ አልፌያለሁ፤ እሷን ጥቂት ነጥብ ጎደላት። ከሁሉ ያነሰው ባዮሎጂ ነበር። ስልኩን መለሰችልኝ። «ባዮሎጂን እኮ ከሁሉ አብልጬ ነው ያጠናሁት» አለች። እየወቀሰችኝ አልነበረም።

«ፈተናው ከባድ ነበር» አልኳት።

ከክፍላችን ብዙዎች ወድቀዋል። ምናልባት ደብተሬ ሙሉ ቢሆንም አታልፍም ነበር። ምናልባት ደግሞ የጎደላት ያው በማይቶሲስና በሚዮሲስ ያጣችው ነጥብ ነበር። ይህን መቼም አላውቀውም፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው።

ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ አገኘችኝና በግል ተመዝግባ እንደገና ልትፈተን መሆኗን ነገረችኝ። «ያን ደብተርሽን ትሰጪኛለሽ? አንቺ እንግዲህ አትፈልጊውም» አለች። ደብተሩ ፍራሼ ሥር ነበር። በእርሳሷ ላይ የተጻፈውን ቀይ ካየች፣ ስህተቷን አይቼ ዝም እንዳልኩ ይገባታል።

«ጠፋብኝ» አልኳት።

ደነገጠች። እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና፣ «ውይ እህቴን! ስንት የለፋሽበት ደብተር። አይዞሽ» አለችኝ።