«እሷ ቤት ሽሮ አይበላም»

ከእኔ ጋር ነገር ያለው ሰው አይጻፍልኝ። ይምጣ፤ በሬ ክፍት ነው። በሬ ያልኩት ደጄን ነው፣ የሚያርሰውን አይደለም። ይኸው፣ ጽሑፍ እንዲህ ያምታታል! ልጆቼ «ኋላ ቀር ነሽ» ይሉኛል። ይበሉኝ፣ ምን አባቴ ላድርግ።

ጉንደ ወይን መንገድ ዳር ምግብ ቤት አለኝ። በሁዳዴ እንጀራዬ ሽሮ ነው፤ ሹፌሩም አስተማሪውም ገበያተኛውም ለሱ ብሎ ነው የሚገባው። ባለፈው ሁዳዴ ወጡን ጥጄ ሳማስል አብራኝ የምትሠራው ልጅ መጥታ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። የከተማችን ሰው ከሚጻጻፍበት የቴሌግራም ግሩፕ ቆርጠው የላኩላት ነው። አበልጄ፣ የልጄ ክርስትና እናት፣ እንዲህ ብላለች፦ «እሷ ቤት ሽሮ አይበላም።»

«እሷ» እኔ መሆኔን ማንም አላጣውም። ከሥሩ ሳቅ በሳቅ ሆኗል። አንዱማ «እኔንም ሆዴን ቆርጦኝ ነበር» ብሎ ጽፏል። ውሸታም! እግሩ ቤቴን ረግጦ አያውቅም።

ደሜ ፈላ። ገበያዬ እንደሚቀዘቅዝ ገብቶኛል፤ ከገበያው ይልቅ ግን የሷ ነገር ነው አንጀቴን የቆረጠው። ስወልድ ገንፎ ያገነፋችልኝ ሴት እንዲህ ካለችኝ እኔ ማን ቀረኝ?

«እትዬ፣ መልስ ልጻፍላት? እርስዎ ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ ልጅቷ። የጾሙን መፍቻ ሰዓት ሊጠብቅ የገባ አስተማሪ ደንበኛዬ ደግሞ «ብሎክ ያድርጓትና ይገላገሉ» አለኝ።

«አበልጅ በጣት ጫፍ አይጣልም!» ብዬ ማማሰያውን ለልጅቷ ሰጠሁና ነጠላዬን በበርበሬ እጄ ጎትቼ ወጣሁ።

ቤቷ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ደጇ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ሽሮዬ ምን ሆኖ ነው የማይበላው?» አልኳት።

«የምን ሽሮ? ደኅና አይደለሽም እንዴ?»

«ስልክሽን አውጪና የጻፍሽውን በአፍሽ በይው!»

አወጣች። አንዷ ጎረቤት «ወንድምሽን አበልጅሽ ምግብ ቤት አየሁት፤ በዚያ ጨጓራው ሽሮ ይበላል እንዴ?» ብላ ጠይቃታለች። በጥያቄውና በመልሱ መሀል ሌላ ወሬ ስለገባ ግሩፑ ልብ አላለውም፤ ለልጅቷ ሲልኩም ቆርጠው ጥለውታል። አበልጄ መልሷን አነበበችልኝ፤ «በ»ን ላላ አድርጋ፣ ሳትጫነው። እኔ አጥብቄ ነው ያነበብኩት፣ ከተማውም እንደዚያው። ለካስ ሽሮ የማይበላው ወንድሟ ነው!

«ጎመን ያለ በርበሬ ለብቻው የምትሠሪለት አንቺ አይደለሽም? አንቺን ላመሰግን ብዬ እኮ ነው» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ደግሞስ እንዲህ ትለኛለች ብለሽ አመንሽ?»

«ባምንማ መቼ እመጣ ነበር? ቁጭ ብዬ እጽፍልሽ ነበር እንጂ!»

ሳቀች፣ እያለቀሰች። እኔም እንደሷው። እጇን ይዤ ወደ ቤቴ አመጣኋት።

አስተማሪው አሁንም አልሄደም። ነገሩን ሲሰማ «ታዲያ ግሩፑ ላይ ማብራሪያ ይጻፉ እንጂ፤ ሰው በምን ያውቃል?» አለኝ።

«አልጽፍም! ሲስቁብኝ ያላፈሩ፣ ዓይን ካላቸው ይዩ።»

የጾሙ መፍቻ ሰዓት ሲደርስ ጠረጴዛውን ከቤት አስወጥቼ አስፋልቱ ዳር አስቀመጥኩት። አንድ ትሪ፣ መሀሉ ላይ የሚንተከተክ ሽሮ። አበልጄና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠን እየተጎራረስን በላን። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያየናል። ይይ!

ያ ሆዴን ቆረጠኝ ባዩ ሰውዬም መጣ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳን ደቀነብን።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «እሱን ኪስህ ክተትና እጅህን ታጠብ። ይበላ አይበላ እንደሆን በአፍህ ትነግረናለህ።»